ሌፍተናንት ጄኔራል ከበደ ገብሬ፤ የብዙ አገሮች ጦር አዛዥ

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ የሚባል ገጠር አለ። ቢዮ በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ውሃ ሁለት ጠባይ አለው፤ ሲፈልጉት ይጠፋል፥ ሳይፈልጉት ደግሞ ከደጋው ተንደርድሮ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ጎርፍ ከወረደ በኋላ ድንኳንና ዱቄት ይዞ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። ጎርፍ ሳይወርድ የሚደርስ ግን ጥቂት ነው።

በመንግሥታት መካከልም ነገሩ እንደዚሁ ነው። አንዲት አገር በተጠቃች ወይም በተበጠበጠች ጊዜ ሌሎቹ ማዘናቸው አይቀርም፤ ጥያቄው በስንት ቀን ይደርሳሉ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከኢትዮጵያ ይበልጥ ዋጋ ከፍሎ የተማረ አገር ብዙ አይገኝም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር በጄኔቭ ተሰብስቦ ወረራውን አወገዘ፤ በወራሪው ላይም የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ለወራሪው ታንክና አውሮፕላን የሚያስፈልገውን ዘይት ግን ከማዕቀቡ ውጭ አደረገው። ወታደር የሚባል ነገርማ ጨርሶ አልታሰበም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፥ በድሬዳዋ አልፈው ወደ ጅቡቲ ወጡ። ሰኔ 23 ቀንም በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ። ከሳምንታት በኋላ ማኅበሩ ያንኑ ማዕቀብ አነሣ።

ከዚያ ቀን 15 ዓመት በኋላ በዚያው ሐዲድ ላይ፥ በዚያው በድሬዳዋ በኩል፥ ሌላ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። ተሳፋሪዎቹ ወታደሮች ነበሩ። የሚሄዱትም ለሌላ የተጠቃ አገር ለመድረስ ነው። የዚህ ዘማች ጦር አለቃ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ይባላሉ። የዛሬው ታሪካችን የእኒህ ሰው ነው።

የኮሪያ ጦርነት የተነሣው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። የፀጥታው ምክር ቤት አባል መንግሥታት ለደቡብ ኮሪያ እንዲደርሱላት በጠየቀ ጊዜ፥ ከጥቁር አፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ጦሩ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ተደራጀ፤ ስሙም ቃኘው ተባለ። ይህ ስም የሐረርጌው ገዥ የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው ይባሉ ነበርና። ቃኘ የሚለው ግሥ ለበገናም ለጦርም ይሠራል፤ በገና የሚቃኝ ክሩን ያስማማል፥ ጦር የሚቃኝ ደግሞ የጠላትን ጓዝ ይሰልላል። በሰው አገር ከብዙ አገር ወታደር ጋር ተሰልፎ ለሚዋጋ ጦር ከዚህ የተሻለ ስም ማውጣት የሚቻል አይመስለኝም።

ከአንድ ሺህ የሚበልጡት ዘማቾች ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ጄኔራል ማክሬ በምትባል የአሜሪካ መርከብ ከጅቡቲ ተነሥተው በወሩ መጨረሻ ፑሳን ደረሱ። ሻለቃ ጦሩን በጦር ሜዳ ያዘዙት ሌፍተናንት ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ሲሆኑ፥ የመላው የኢትዮጵያ ዘማች ጦር አለቃ ግን ኮሎኔል ከበደ ነበሩ። ይህ የሥራ ክፍፍል ለተማሪ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የብዙ መንግሥታት ጦር ምሥጢሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፥ በ32ኛው ሬጂመንት ውስጥ ገብቶ ነው የሚዋጋው። ትእዛዝ የሚቀበለው ከአሜሪካዊ ጄኔራል ነው፤ ጠመንጃውም፥ ጥይቱም፥ የክረምት ካፖርቱም የአሜሪካ ነው። ወታደሩ ግን የኢትዮጵያ ነው፤ ቢቆስል፥ ቢቀጣ፥ ቢሾም፥ ቢሞት ተጠያቂው የራሱ መንግሥት ነው። ስለዚህ በባዕዱ አዛዥና በአገሩ መንግሥት መካከል አንድ ሰው መቆም አለበት። ያ ሰው ተዋጊውን ጦር ሳያደናቅፍ የአገሩን ጥቅምና ክብር ይጠብቃል። ኮሎኔል ከበደ ይህን ሥራ የተማሩት በኮሪያ ተራሮች ላይ ነው፤ ከ11 ዓመት በኋላም ተገልብጦ ጠበቃቸው።

የቃኘው ሻለቆች በየተራ እየተተኩ ተዋጉ። በጦርነቱ 121 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞቱ፥ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ሙታኑም ኮሪያ አልቀሩም፤ አጽማቸው ወደ አገሩ ገብቷል። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ የቀን ቁጥሩ ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ ቃኘው ፑሳን እስከ ገባበት ቀን ድረስ አሥር ወር አልፏል። በእነዚህ አሥር ወራት ሴኡል ከእጅ ወደ እጅ አራት ጊዜ ተላልፋለች። መድረሱ ደርሰናል፤ ፈጥነን ደርሰናል ግን ለማለት አይቻልም። ያኔ የትኛውም ሩቅ አገር ከዚህ ብዙም አልፈጠነም፤ ለብዙ መንግሥታት ጦር ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰፈርም መርከብም አልነበረምና።

ፍጥነት የሚባለው ነገር የመጣው በ1949 ዓ.ም. በስዌዝ ጊዜ ነው። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና እስራኤል በግብፅ ላይ በዘመቱ ጊዜ የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰን አንድ አስቸኳይ ጦር እንዲቋቋም አሳብ አቀረበ። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድም በጥቂት ቀናት ውስጥ አዘጋጀው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ግብፅ ገቡ። ከሌሎች ወታደሮች የሚለዩበት ልብስ እንኳ ስላልነበራቸው የአሜሪካን የራስ ቁር ውስጠኛ ሽፋን ሰማያዊ ቀለም ቀብተው አደሉአቸው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሰማያዊ ቆብ እንደዚህ ባለ ጥድፊያ የተገኘ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የኮንጎ ነገር ነው። ኮንጎ ከቤልጅግ ነጻ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በሳምንቱ ውስጥ ጦሯ በመኰንኖቹ ላይ ዐመፀ፤ የቤልጅግ ወታደሮች ተመልሰው ገቡ፤ ሐምሌ 4 ቀን ደግሞ ሞይስ ቾምቤ የመዳብና የኮባልት አገር የሆነችውን ካታንጋን ገንጥሎ ነጻ መንግሥት ነው አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓትሪስ ሉሙምባና ፕሬዚዳንቱ ካሳቩቡ የተባበሩት መንግሥታትን ርዳታ ጠየቁ። የፀጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 7 ቀን ወሰነ፤ በማግስቱ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ሌኦፖልድቪል ወረዱ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከኢትዮጵያ፥ ከጋና፥ ከሞሮኮና ከቱኒዝያ የመጡ 3,500 ያህል ወታደሮች በኮንጎ ምድር ላይ ነበሩ። አብዛኞቹን ያጓጓዙት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ናቸው። የእኛ ጦር ጠቅል ብርጌድ ተባለ፤ ይህም የንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ስም ነው።

አሥር ወር የፈጀው ነገር በዘጠኝ ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ቀናት አጠረ። ምሥጢሩ ሦስት ነገር ነው እላለሁ፤ በቅርብ ያለ አገር የራሱን የሠለጠነ ጦር ለመስጠት አስቀድሞ ፈቃደኛ መሆኑ፥ ሌላው ደግሞ አውሮፕላኑን መስጠቱ፥ ከሁለቱ በላይ የሆነ ባለሥልጣንም ወዲያው መወሰኑ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

ፈጥኖ መድረስ ግን ሥራውን መጨረስ አይደለም። ወታደሮቹ ምን እንዲያደርጉ እንደተላኩ በግልጽ አልተነገራቸውም ነበር። ራሳቸውን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይተኩሱ፥ በአገሪቱ የውስጥ ጉዳይ እንዳይገቡ ታዘዋል፤ የተላኩበት ነገር ግን እርሱ ራሱ የውስጥ ጉዳይ ነው። ሉሙምባ ከሥልጣኑ ወርዶ ተይዞ በ1953 ዓ.ም. በካታንጋ ሲገደል ያ ሁሉ ጦር በአገሪቱ ውስጥ ነበር። በዚህ ተቈጥተው ጊኒን፥ ማሊን፥ ሞሮኮንና የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክን የመሰሉ አገሮች ጦራቸውን አስወጡ። አንዱ አዛዥ ለምክር ቤቱ ውሳኔ ሲገዛ ሌላው ለአገሩ ቴሌግራም የሚገዛበት ጦር ሁልጊዜ በዚህ በኩል ስስ ነው።

በዚያው ዓመት በአገራችንም የታኅሣሥ ግርግር ተነሣ። ኮንጎና ኮሪያ ዘማቾቹን የሰጠው ያው የክብር ዘበኛ፥ በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በውጭ አገር ሳሉ ሥልጣን ለመያዝ ሞከረ። ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከኤታ ማዦር ሹሙ ከጄኔራል መርዕድ መንገሻ ጋር በመንግሥቱ ወገን ቆመው፥ ምድር ጦሩን አሰልፈው ሙከራውን ካከሸፉት ከፍተኛ አዛዦች አንዱ ሆኑ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የተታኮሱት ሰዎች አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፥ ብዙዎቹም አብረው የሠለጠኑ ናቸው። ከዚህ በኋላ ጄኔራሉ የእርስ በርስ ጦርነት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለጋቸውም።

በ1954 ዓ.ም. መስከረም በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ከካታንጋ ቅጥረኞች ጋር ሲዋጋ ቾምቤ የነበረው አንድ የጦር ጄት የድርጅቱን ጦር በጣም አስቸገረው። አራት የኢትዮጵያ ኤፍ 86 ጄቶች እንዲሄዱ ተወሰነ። ነገር ግን የሚያልፉበት ሰማይ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር የማለፊያው ፈቃድ ዘገየ። ሐመርሾልድ ከቾምቤ ጋር ለመነጋገር ሲበር መስከረም 8 ለንጋት በንዶላ አጠገብ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ፤ በሰማይ የሚያጅበው ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም። የጄቱ ሞተር እየሞቀ ፈቃዱ በጠረጴዛ ላይ ሲዘገይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት፥ በመሥሪያ ቤት ፊርማ የሚጠብቁ ወጣት ባለሥልጣኖች ከማንም ይልቅ ይቀርባቸዋል።

ሌፍተናንት ጄኔራል ከበደ በኮንጎ የድርጅቱ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የሆኑት በዚሁ ዓመት መጋቢት መጨረሻ ግድም ነው። ከእርሳቸው በፊት የስዊድኑ ፎን ሆርንና የአየርላንዱ ማኬዎን ይዘውት ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አፍሪካ ከቅኝ ግዛት ከወጣ ሁለት ዓመት አይሞላውም፤ አንድ አፍሪካዊ መኰንን ስዊድኖችን፥ አየርላንዶችን፥ ሕንዶችን፥ ናይጄሪያውያንን በአንድነት ማዘዙ አዲስ ነገር ነበር። ጦሩ በበዛበት ጊዜ ወደ 20,000 ይጠጋ ነበር፤ በአራት ዓመቱ ዘመቻ ሠላሳ ያህል አገሮች ሰው ሰጥተዋል።

የዚህ ዓይነት ጠቅላይ አዛዥ ሥራ አንባቢ እንደሚያስበው በፈረስ ወይም በጂፕ ተቀምጦ ማጥቃት አይደለም። ኮንጎ የኢትዮጵያን ሁለት እጥፍ ያህል ትሰፋለች፤ ከሌኦፖልድቪል እስከ ካታንጋ ዋና ከተማ እስከ ኤሊዛቤትቪል ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጠቅላይ አዛዡ ቀን የሚያልቀው በሬዲዮ፥ በቤንዚን፥ በአውሮፕላን ተራና በስንቅ ጉዳይ ነው። የሕንድ ወታደር የሚበላውን የአየርላንዱ አይበላም፤ የአንዱ ጠመንጃ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በኮሪያ ከበታች ሆነው ያዩትን ነገር አሁን ከላይ ሆነው ያዩታል፤ ያን ጊዜ የአገራቸውን ጦር ከባዕድ አዛዥ ጋር ሲያስማሙ የነበሩት ሰው፥ አሁን ባዕዱ አዛዥ እርሳቸው ናቸው፤ የየአገሩ ኮሎኔል እየመጣ የራሱን ያስረዳቸዋል።

በ1955 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነገሩ ከረረ። አዲሱ ዋና ጸሐፊ ኡ ታንት ለካታንጋ ያቀረበው የእርቅ አሳብ በቾምቤ ሲጓተት ወራት አለፈ። ታኅሣሥ 15 ቀን የካታንጋ ጀንዳርሞች በድርጅቱ ጦር ላይ መተኮስ ጀመሩ፤ ሄሊኮፕተርም መትተው ጣሉ። አራት ቀን ከታገሡ በኋላ ታኅሣሥ 19 ቀን ጦሩ እንዲንቀሳቀስ ታዘዘ። በካታንጋ ምድር ያዘዙት የሕንዱ ጄኔራል ፕሬም ቻንድ ነበሩ፤ የሕንድ፥ የኢትዮጵያና የሌሎችም አገሮች ጦር ኤሊዛቤትቪልንና ዙሪያዋን ያዘ፤ የስዊድን ጄቶችም የቾምቤን አውሮፕላኖች በኮልዌዚ አጠፉ። ከዚያ ሕንዶቹ ወደ ጃዶትቪል ገሠገሡ፤ ድልድዮቹ ፈርሰው ሳለ የሉፊራን ወንዝ ተሻግረው ታኅሣሥ 25 ቀን ከተማዋን ያዙ። ይህ ግሥጋሴ ኒውዮርክ ከጠበቀው ይልቅ የፈጠነ ስለነበር ኡ ታንት ነገሩን እንዲመረምር ራልፍ ባንችን ወደ ኮንጎ ላከ። ጦር አይደርስም ተብሎ ሲወቀስ የኖረ ድርጅት ጦሩ ቶሎ ስለደረሰ ደንግጦ ማየት አንድ ነገር ነው። ጥፋቱ የሬዲዮ ግንኙነቱ ደካማነት ሆኖ ተገኘ።

ጥር 6 ቀን 1955 ዓ.ም. ቾምቤ መገንጠሉን እንደሚተው አስታወቀ፤ ጥር 13 ቀን ጦሩ ኮልዌዚ ገባ። ኮንጎ አንድ አገር ሆና ቀረች። ጄኔራል ከበደ እስከ ሐምሌ ድረስ አዝዘው ሥራውን ለኖርዌዩ ጄኔራል ካልዳገር አስረክበው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዘመቻው ፍጹም ነበር የሚል አይኖርም፤ ድርጅቱን በገንዘብ ሊያከስረው ጥቂት ነበር የቀረው፤ 250 ያህል የድርጅቱ ሰዎች ሞተዋል፤ ጦሩ ሰኔ 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ተጠቅልሎ ሲወጣ በምሥራቅ ኮንጎ ሌላ ዐመፅ እየነደደ ነበር። ካታንጋ ግን አልተገነጠለችም፤ ይህ ከጄኔራሉ ዘመን ሥራ የቆመ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ጦር ለማቋቋም ብዙ ጊዜ ሞክሯል። በዴንማርክ ተቀምጦ የነበረው የበርካታ አገሮች ተጠባባቂ ብርጌድ መጀመሪያ የተሰማራው በእኛው ድንበር ላይ፥ በ1993 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ነው፤ ብርጌዱ ራሱ ግን ዕድሜው አጭር ሆኖ በ2001 ዓ.ም. ፈረሰ። የአፍሪካ ኅብረትም ተጠባባቂ ኃይል እንዲኖረው ወስኖ፥ የምሥራቅ አፍሪካው ክፍል ዋና ጽሕፈት ቤቱን በናይሮቢ፥ የስንቅና ትጥቅ ማከማቻውን በአዲስ አበባ አድርጓል። በ2003 ዓ.ም. ሰኔ የፀጥታው ምክር ቤት ስለ አብዬ በወሰነ ጊዜም የኢትዮጵያ ጦር በሳምንታት ውስጥ ደርሷል። ያ የሆነው አንድ ጎረቤት አገር ብቻውን ጦሩን ሰጥቶ ስለሄደ ነው። በወረቀት ላይ ያለው የብዙዎቹ ጦር ገና የጠቅል ብርጌድን ፍጥነት አልደረሰበትም።

ጄኔራል ከበደ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። እዚህ ላይ የሕይወታቸው ጥላ ይጀምራል፤ ሰውን በማወደስ ብቻ ታሪኩን መጻፍ ደግሞ አይገባም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ያለው ጦር ዐመፀ። ምክንያቱ የፖለቲካ መጽሐፍ አልነበረም፤ ውሃ ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ጉድጓድ ተበላሽቶ፥ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው፥ ምግባቸውም የማይበላ ሆኖ ነበር። ነገሩን እንዲያዩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌፍተናንት ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የእነርሱን ምግብና ውሃ እንዲቀምሱ አደረጉ። የሠላሳ አገር ወታደር ስንቅ ተርታ ያስያዙ ሰው በሚኒስትርነት ሳሉ፥ በአንድ የቦረና ሰፈር የአንድ ፓምፕ ጉዳይ ጆሮ አጣ። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ ነው አልልም፤ ከሰፈሩ እስከ ሚኒስቴሩ ድረስ ብዙ ጠረጴዛ አለ። ነገር ግን ሚኒስትሩ እርሳቸው ነበሩ። ዐመፁ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ በየካቲት የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከነመከላከያ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ወረደ።

በዚያው ዓመት ደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣኖችን እያሳደደ አሰረ። ጄኔራል ከበደም ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፥ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ፥ ክስም ሳይሰሙ፥ ከአክሊሉ ሀብተ ወልድ፥ ከእንዳልካቸው መኰንን፥ ከጄኔራል ድረሴና ከሌሎች ብዙ መኰንኖችና ሹማምንት ጋር በአዲስ አበባ ወህኒ ቤት ተረሸኑ። በዚያ ሌሊት የሞቱት ስድሳ ያህል ናቸው። በሌላው አገር ሕግ እንዲከበር ጦር የመሩ ሰው በገዛ አገራቸው የአንድ ቀን ችሎት አላገኙም፤ ከውጭ ሊደርስላቸው የሚችል ጦርም ሆነ ምክር ቤት አልነበረም።

አጽማቸው በጅምላ መቃብር 17 ዓመት ቆይቶ በ1984 ዓ.ም. ወጣ። ከሌሎቹ ጋር በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበሩ።